ስዋት፣ ጂአር4ጄ ወይስ ኤክሴል? የቦርከናን የነገ ውሃ ለመገመት ምን እንምረጥ

ከደሴ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሳችሁ ሜዳው ላይ ሳትደርሱ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ሁሉም ያወልቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍታው 1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ስለሚጨምር፣ በዚያች አጭር መንገድ 4 ዲግሪ ያህል ሞቃችሁ ማለት ነው። በቀጥታ ከተለካ ደግሞ በሁለቱ ከተሞች መካከል 15 ኪሎ ሜትር እንኳ የለም።

ጃኬቷን ያነሳኋት በምክንያት ነው። የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ምድርን በሣጥን በሣጥን ከፋፍለው ነው የሚያዩት። የአንዱ ሣጥን ጎን ብዙውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ የደሴው ጦሳ ተራራም፣ ኮምቦልቻም፣ የባቲ ቆላም አንድ ሣጥን ውስጥ ይገቡና አንድ ሙቀትና አንድ ዝናብ ይሰጣቸዋል። ያቺ ጃኬት ሞዴሉ ውስጥ የለችም።

ሰሞኑን ሁለተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ስዋት ልጠቀም ወይስ ኤችቢቪ?» አለኝ። ሁለቱም ከዝናቡ ተነስተው ወንዙ ስንት እንደሚፈስ የሚገምቱ የኮምፒውተር ሞዴሎች ናቸው። ርዕሱ የአየር ንብረት ለውጥ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል የሚወርደውን የቦርከናን ወንዝ ውሃ እንዴት እንደሚቀይረው ነው። «ስንት የአየር ንብረት ሞዴል ይዘሃል?» ስለው «አንድ፣ አውርጄዋለሁ» አለ። እዚያው ቁጭ ብለን ሁለት ማኪያቶ ጨረስን። ከዚህ በታች የምታነቡት ለእሱ የነገርኩት ነው፣ ትንሽ ተስተካክሎ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ሰዉ የሚጨቃጨቀው በወንዝ ሞዴሉ ላይ ነው፣ ትልቁ ጥርጣሬ ያለው ግን ዝናቡ ላይ ነው። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ በአንድ ቀላል ሞዴል አሥራ አምስት የዝናብ ግምት ብትሞክሩ፣ በአንድ ከባድ ሞዴል አንድ የዝናብ ግምት ይዛችሁ ስድስት ወር ከምትታገሉ ይሻላል። እኔ ሁለተኛውን አድርጌ አይቼዋለሁ። ስድስት ወር ሳይሆን ስምንት ወር ፈጀብኝ።

የማንን ውሃ ነው የምትገምቱት?

«የውሃ መጠን» ሲባል እያንዳንዱ ሰው የራሱን ነው የሚሰማው። የከተማ ውሃ የሚያቀርበው ሰው ጉድጓዱን ያስባል፣ ከዓመት ዓመት ወደ መሬት የሚሰርገው ስንት ነው ይላል። መስኖ የሚያጠጣው ገበሬ የጥርና የየካቲት ፍሰት ነው የሚያሳስበው። ከኬሚሴ ወደዚህ ጨፋ ላይ ደግሞ ቦርከና ሜዳው ላይ ተንጣሎ ረግረግ ይሆናል፣ በበጋ ከአፋርም ከኦሮሞም አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚመጡት እዚያ ነው። ለእነሱ ዋናው ነገር ክረምት ላይ ስንት ውሃ አለፈ ሳይሆን ሣሩ እስከ መቼ እርጥብ ሆኖ ይቆያል ነው። ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ ስለዚህ ሁሉ ግድ የለውም፣ የአንድ ሌሊት ጎርፍ ነው የሚያስፈራው።

ለእነዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ መሣሪያ የለም። ዓመታዊ ድምር ከሆነ ጥያቄው፣ ዓመታዊ ቀመር ይበቃል። የበጋ ፍሰት ከሆነ ቢያንስ ወርኃዊ ስሌት ያስፈልጋል። ጎርፍ ከሆነ ዕለታዊ፣ ለትንንሽ ጅረቶች ደግሞ የሰዓት ዝናብ ሁሉ ሊያስፈልግ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የትኛው ተፋሰስ? ጥያቄው ቂል ይመስላል፣ ግን ደሴ ዙሪያ ስትሠሩ መጠንቀቅ አለባችሁ። የውሃው ወሰን ኩታበር አካባቢ ያልፋል። በወዲህ በኩል የወረደው ዝናብ በቦርከና አድርጎ አዋሽ ይገባና አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል፣ ባሕር አያይም። በወዲያ በኩል የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ነው፣ ሜዲትራኒያን ድረስ መንገድ አለው። ስለዚህ «የዓባይ ተፋሰስ ላይ የተሠራ ጥናት ዝናቡ ይጨምራል ይላል» ብላችሁ ቁጥሩን ቀጥታ ለቦርከና አትውሰዱት። ጎረቤት ቢሆኑም ምሥራቃዊው ዳገት ወደ አፋር ያዘነበለ ነው፣ የዝናቡም ጠባይ ይለያል።

ያላችሁ መረጃ ምርጫውን ግማሽ ያደርግላችኋል

ዝናብ ከሆነ ሦስት ምንጭ አለ። የጣቢያ መዝገብ፣ ሳተላይት ከጣቢያ ጋር የተቀላቀለበት መረጃ፣ እና በሞዴል ወደ ኋላ የተሰላ መረጃ።

የጣቢያ መዝገብ እውነተኛው ነው። ኮምቦልቻ የአሥርት ዓመታት መዝገብ አላት። ችግሩ ጣቢያዎቹ የሚቀመጡት ከተማና መንገድ ዳር ነው፣ ከፍታው ላይ ብዙም የሉም። የቦርከና ውሃ ደግሞ የሚመጣው ከከፍታው ነው። መዝገቡን ስትቀበሉ መጀመሪያ ባዶ ቦታዎቹን እዩ፣ በተለይ በለውጥና በጦርነት ዓመታት። ባዶውን በአማካይ ሞልተው የሚሰጧችሁም አሉ፣ ይኼ ከባዶው ይብሳል።

ቺርፕስ የሚባለው ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሣጥን ዝናብ ይሰጣል፣ በነፃ። ሳተላይቱን ከጣቢያ ንባብ ጋር ያዋህዳል። ለወርኃዊ ሥራ እወደዋለሁ። ለዕለታዊ ጎርፍ ግን አላምነውም። በሞዴል ወደ ኋላ የተሰላው ኤራ5-ላንድ በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሙቀቱ ጥሩ ነው፣ ተራራማ ቦታ ላይ ያለው ዝናቡ ግን ከጣቢያ ጋር ሳይመሳከር ባይወሰድ ይሻላል። የእኔ ልማድ ዝናብ ከቺርፕስ፣ ሙቀት ከኤራ5-ላንድ፣ ሁለቱንም ከኮምቦልቻና ከደሴ ጣቢያ ጋር ማመሳከር ነው። ሐረጎ ላይ የምታወልቋት ጃኬት እዚህ ትመለሳለች፣ 9 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱ ከተሞች ቢያንስ ይለያያሉ።

የወንዝ ፍሰት ላይ ግን ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጡ ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠኝ የአንድ ጣቢያ መዝገብ ውስጥ፣ ነሐሴ ላይ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር። ነሐሴ ላይ! ወንዙ ግርግዳውን እየገፋ በሚሄድበት ወር አንድ ሳንቲ ሜትር ሳይነቃነቅ ቆመ ማለት ነው። የሚያነበው ሰው ቤተሰብ ጥየቃ ሄዶ ይሁን ታሞ አላውቅም። እኔ ግን ያንን ሳላይ ሞዴሉን አስተካክዬበት፣ ሞዴሌ ክረምትን በደንብ አይገምትም ብዬ ሞዴሉን ስሰድብ ከረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንድ ግራፍ ስዬ ባይ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ የባሰም አለ። ጣቢያው የሚለካው የውሃውን ከፍታ ነው። ከፍታውን ወደ ፍሰት የሚቀይረው ደግሞ በየጊዜው መታደስ ያለበት ሰንጠረዥ ነው። የወንዙ አልጋ በደለልና በአሸዋ ከተለወጠ ያው ከፍታ ሌላ ፍሰት ማለት ይሆናል። ሰንጠረዡ መቼ እንደታደሰ ሳትጠይቁ «ፍሰቱ በሃያ ዓመት ቀንሷል» አትበሉ።

አንድ ጥሩ ዜና ልንገራችሁ። ማይባር አለላችሁ። ከደሴ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቅርብ ነው። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ምርምር የተጀመረበት ጣቢያ ነው፣ 113 ሄክታር ገደማ የሆነች ትንሽ ተፋሰስ ላይ ዝናቡ፣ ፍሰቱ፣ የሚታጠበው አፈር ሳይቀር ተለክቷል። ትንሽ ነች፣ ቦርከናን አትወክልም። ግን የአካባቢያችን መሬት ዝናብ ሲወርድበት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ከማንኛውም ከውጭ ከመጣ ሠንጠረዥ ትሻላለች። ተማሪዎች ለምን እንደሚዘሏት አይገባኝም።

አምስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ሞዴል እንኳ አይባልም። ያለውን መዝገብ ይዞ አዝማሚያ መፈለግ ነው፣ አዝማሚያው የእውነት ይሁን የአጋጣሚ የሚለየውን፣ ማን-ኬንዳል የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፈተና የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሁለት ቀን ያልቃል፣ ለመግቢያ ጥሩ ነው፣ ስለ ነገ ግን ምንም አይነግራችሁም። መነሻ ዓመታችሁ 77 ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ሁልጊዜ «እየጨመረ» ነው የሚመጣው፣ ከዚያ በታች የት ይወርዳል? መነሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀያይራችሁ ውጤቱ ከተገለባበጠ፣ ያው አዝማሚያ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው የቡዲኮ መንገድ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የተናቀው እሱ ነው።

ሚኻኢል ቡዲኮ የሶቪየት የአየር ንብረት ሳይንቲስት ነበር። ሐሳቡ ገበሬም የሚገባው ነው። የዓመቱ ዝናብ ወይ ወደ ሰማይ ይመለሳል ወይ ወደ ወንዝና ከርሰ ምድር ይሄዳል። ስንቱ ወደ ሰማይ እንደሚመለስ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ የወረደው ውሃና የትነት አቅሙ። የትነት አቅም ስል ውሃ ባያጥር ኖሮ ፀሐይ፣ ነፋስና ዕፅዋት ሊወስዱት የሚችሉት ማለቴ ነው።

ከዚህ ቤተሰብ የሆነ አንድ ቀመር ይኸውላችሁ። ዝናቡን ለትነት አቅሙ አካፍሉ። ውጤቱን በራሱ አባዙ። 1 ደምሩበት። ስኩዌር ሩቱን አውጡ። ዝናቡን ለዚህ ቁጥር አካፍሉት። ያገኛችሁት ወደ ሰማይ የሚመለሰው ነው፣ ከዝናቡ ላይ ስትቀንሱት የቀረው ውሃችሁ ነው። ኤክሴል ላይ አንድ መስመር ነው።

ለምሳሌ ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር፣ የትነት አቅም 1,400 ሚሊ ሜትር እንበል። የምሳሌ ቁጥር ነው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። 814 ገደማ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ 186 ይቀራል።

አሁን ዝናቡን ብቻ በ10 በመቶ ጨምሩት። ውሃው 235 ይሆናል፣ የ26 በመቶ ጭማሪ። ወንዝ ዝናብን አጋኖ ነው የሚያወራው ማለት ነው። ቀጥሎ ዝናቡ በ5 በመቶ ጨምሮ፣ በሙቀቱ ምክንያት የትነት አቅሙም በ8 በመቶ ቢጨምርስ? 188። ያው ነው! አምስት በመቶ ተጨማሪ ዝናብ ሰማዩ መልሶ ጠጣው። ዝናቡ በ5 በመቶ ቀንሶ ትነቱ በ8 ሲጨምር ደግሞ 146 ይቀራል፣ ሃያ ሁለት በመቶ ያህል ወረደ።

እነዚህን አራት ቁጥሮች ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ዝናብ ስለሚጨምር ችግር የለም» የሚለውን ወሬ ለማስቆም ደግሞ ይበቃሉ። ስዋት ላይ ስምንት ወር ቆይቼ ያገኘሁት መልስ አቅጣጫው ከዚህ ብዙም አልራቀም፣ ይህን ስጽፍ ትንሽ እያፈርኩ ነው።

የማይችለው ምንድን ነው? ወቅት አያውቅም። በልግና ክረምት ለእሱ አንድ ድምር ናቸው። የጨፋን ረግረግ አያውቅም፣ የጉድጓድ ፓምፕ አያውቅም፣ ደን ተቆርጦ እርሻ መሆኑን አያውቅም። ረጅም አማካይ ላይ እንጂ በአንድ ዓመት ላይ አይሠራም። በልጅነቱ ትዳር የያዘ ሰው ዓይነት ነው፣ ቤቱን ያውቃል፣ ከቤቱ ውጭ ግራ ይገባዋል።

ሦስተኛው የወር በወር ሒሳብ ነው። መሬቱን እንደ እንስራ አስቡት፣ ዝናብ ይገባል፣ ትነት ይወጣል፣ ሲሞላ ይፈሳል። ቶርንትዌይት በ1948 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሐሳብ የመጣ ነው። ኤክሴል ይበቃዋል። ወቅቱን ስለሚያይ ለወሎ ቢያንስ ይህን ብትጠቀሙ እመርጣለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የሒሳቡን እንስራ ውሰዱ፣ የቶርንትዌይትን የትነት ቀመር ግን ተዉት። በሙቀት ብቻ ስለሚያሰላ፣ ዓለም ስትሞቅ ትነቱን ከልክ በላይ ያጋንነዋል። የቀኑ ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ካላችሁ የሃርግሪቭስን የትነት ቀመር፣ ነፋስና እርጥበትም ካላችሁ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የፔንማን-ሞንቴይዝ አሠራር ተጠቀሙ።

አራተኛው ኤችቢቪና ጂአር4ጄ ናቸው። ዕለታዊ ናቸው፣ ተፋሰሱን እንደ ተያያዙ ሁለት ሦስት ጋኖች ያዩታል። ጂአር4ጄ ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ነው፣ ማስተካከል ያለባችሁ አራት ቁጥር ብቻ ነው፣ ስሙ ውስጥ ያለው 4 እሱ ነው። ኤችቢቪ ስዊድናዊ ነው፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ የሚስተካከሉት ቁጥሮች በዛ ይላሉ። የበረዶ ክፍሉን ዝጉት፣ ጦሳ ላይ በረዶ ክረምቱን ሙሉ የሚቆይ ይመስል ክፍት ትተው የሚሠሩ አይቻለሁ። ከሁለቱ ለእኛ የቱ? ተፋሰሱን በከፍታ ቀበቶ መክፈል ከፈለጋችሁ ኤችቢቪ፣ ምክንያቱም ከኩታበር እስከ ጨፋ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ብዙ የአየር ንብረት ሞዴል በፍጥነት ማስኬድ ከፈለጋችሁ ጂአር4ጄ። በደካማ ላፕቶፕ እንኳ ሠላሳ አምሳ ጊዜ ማስኬድ ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

አምስተኛው ስዋት ነው። ሄክ-ኤችኤምኤስም አለ፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት፣ ለጎርፍ ጥያቄ ከስዋት በፊት እሱን እመርጣለሁ። ስለ ስዋት ግን ብዙ የምለው አለኝ።

ስዋትን የሠራው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ነው። ኃይለኛ ነው። አፈር፣ ተዳፋት፣ የመሬት አጠቃቀም፣ ሰብል፣ እርከን ሁሉ ይገባበታል። ጥያቄያችሁ «እርከን ብንሠራና ዛፍ ብንተክል ከአየር ንብረት ለውጡ ጋር ተደምሮ ምን ይሆናል?» ከሆነ፣ ከላይ ካሉት አራቱ አንዱም አይመልሰውም፣ ስዋት ይመልሰዋል። ኪውጂአይኤስ በሚባል ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ስለሚሠራ የሶፍትዌር ገንዘብም አያስወጣም። ይህ ከሆነ ጥያቄያችሁ አብሽሩ፣ ግቡበት።

ካልሆነ ግን አስቡበት። የዕፅዋት አቆጣጠሩ የተሠራው ለቀዝቃዛ አገሮች ነው፣ ዕፅዋት እንቅልፍ የሚገቡት የቀን ርዝመት ሲያጥር ነው ብሎ ያስባል። እዚህ ቅጠል የሚረግፈው ቀኑ አጥሮ ሳይሆን ዝናቡ ቀርቶ ነው። ይህን ካላስተካከላችሁ የበጋውን ትነት ያሳስተዋል። የጎርፍ ስሌቱም በተለምዶ የቀኑን የዝናብ መጠን፣ አፈሩንና የመሬት አጠቃቀሙን አይቶ ሰንጠረዥ ላይ ይሄዳል፣ በእኛ ደጋ ግን ብዙ ጊዜ ጎርፉ የሚነሳው መሬቱ ከታች ጠግቦ ሲሞላ ነው። ሰኔ መጀመሪያ የወረደ ኃይለኛ ዝናብ መሬት ውስጥ ይጠፋል፣ ነሐሴ ላይ መለስተኛው ዝናብ ሁሉ ይፈሳል። የሚያርስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰንጠረዡ ግን በደንብ አያውቀውም።

ደግሞ ቁጥሮቹ ብዙ ናቸው። ሃያ ቁጥር እያስተካከላችሁ ግራፉን ከመዝገቡ ጋር ማስማማት ይቻላል፣ በተሳሳተ ምክንያትም ቢሆን። ብዙ ሰው ግምቱ ከመዝገቡ ጋር ምን ያህል እንደተስማማ የሚለካው ናሽ-ሳትክሊፍ (1 ፍጹም ነው) 0.5 ካለፈ ደስ ብሎት ይሄዳል። በተለምዶ ለወርኃዊ ፍሰት እስከ 25 በመቶ የድምር ስህተትም ይፈቀዳል። እስኪ አስቡት፣ የምትፈልጉት የለውጥ ምልክት 10 ወይም 20 በመቶ ነው፣ የተፈቀደላችሁ ስህተት 25!

የዝናቡ ነገር

እዚህ ነው ጨዋታው ያለው። ሙቀቱ ላይ ሞዴሎቹ ይስማማሉ፣ ይሞቃል፣ ልዩነቱ በምን ያህል ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ላይ ግን ገሚሱ ይጨምራል ይላል፣ ገሚሱ ይቀንሳል። አንድ ሞዴል ብቻ መርጣችሁ ከሠራችሁ፣ ውጤታችሁን የወሰነው የመረጣችሁት ሞዴል ነው፣ ማለትም ዕጣ። ያ ልጅ «አንድ አለኝ» ሲለኝ ማኪያቶዬን ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።

ስንት ይበቃል? ጊዜ ካላችሁ አሥርና ከዚያ በላይ። ከሌላችሁ አራት፣ ግን አስባችሁ የመረጣችኋቸው፣ በጣም የሚሞቅና የሚደርቅ፣ በጣም የሚሞቅና የሚርስ፣ ብዙ የማይሞቅና የሚደርቅ፣ ብዙ የማይሞቅና የሚርስ። ሲሚፕ6 በሚባለው የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ስብስብ ውስጥ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ የሚደነግጡ፣ ሙቀቱን በጣም የሚያጋንኑ ጥቂቶች አሉ። ሳታዩ አማካይ ውስጥ አትጨምሯቸው። እስካሁን ዓለም በ2011–2020 እ.ኤ.አ. ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው 1.1 ዲግሪ ገደማ ሞቃለች፣ ሞዴላችሁ ያለፈውን እንኳ በዚህ ዙሪያ ካላሳየ ይጠርጠር። የጋዝ ልቀት መንገዶቹንም በተመለከተ፣ (በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ ቁጥሩ ሲጨምር ሙቀቱም ይጨምራል) ከፍተኛውን 8.5 ብቻ ወስዶ «የሚሆነው ይህ ነው» ማለት ልክ አይደለም፣ እሱ የመጨረሻው ጥግ ነው። መካከለኛውን 4.5 ዋና አድርጉ፣ 8.5ን ከጎኑ አስቀምጡ።

ከዚያ ያንን ትልቅ ሣጥን ወደ ቦርከና ማውረድ አለ። ቀላሉ የልዩነት መንገድ ነው። ሞዴሉ ለሐምሌ «ወደፊት በ6 በመቶ ይጨምራል» ካለ፣ የኮምቦልቻን የሐምሌ ዝናብ በ1.06 ታባዛላችሁ፣ አለቀ። ጥሩነቱ የራሳችሁን ዝናብ ጠባይ ይጠብቃል። ጉድለቱ የዝናብ ቀናትን ቁጥር አይለውጥም፣ ዛሬ ደረቅ የነበረ ቀን ነገም ደረቅ ነው። ለጎርፍ አይሆንም፣ ለወርኃዊ ውሃ ይበቃል። ሁለተኛው የሞዴሉን ዕለታዊ ዝናብ ራሱን ከጣቢያው ስርጭት ጋር እያስማሙ ማረም ነው። የተሻለ ይመስላል፣ ግን አንዳንድ አሠራሩ የለውጡን አዝማሚያ ራሱን ያበላሻል፣ ከመጠቀማችሁ በፊት አዝማሚያውን ጠባቂ የሆነውን ዓይነት ፈልጉ። ሦስተኛው ኮርዴክስ ነው፣ የዓለም ሞዴሎችን ወደ ትንንሽ ሣጥን የሚያወርድ ፕሮጀክት፣ ለአፍሪካ በ50 ኪሎ ሜትር፣ አዲሱ በ25 ገደማ የወረደ። 25 ኪሎ ሜትር ማለት እንግዲህ ደሴና ኮምቦልቻ አሁንም አንድ ሣጥን ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ ማለት ነው። ኮርዴክስ ስለተጠቀማችሁ እርማት አያስፈልገኝም አትበሉ።

እኔ የምመርጠው? ለመጀመሪያ ሥራ የልዩነት መንገድ፣ ያለ ምንም ሐፍረት።

በልግን ግን ለብቻው እዩት፣ ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ዝናብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ያለ ሰው ቀልድ አያደርገውም፣ ገብሱን የሚዘራበት ነው። የበጋው ጥማት የሚቆረጠውም በእሱ ነው። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ አንድ የታወቀ እንቆቅልሽ አለ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ ባለፉት አሥርት ዓመታት ሲቀንስ ታይቶ፣ ሞዴሎቹ ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። በልጋችን የዚያ ሰፊ ታሪክ ጎረቤት ነው። ስለዚህ ሞዴሎቹ ለበልግ የሚሰጡትን ጭማሪ እንዳለ መቀበል አልደፍርም። በልግ ባለበት ቢቀር፣ በልግ በ20 በመቶ ቢቀንስ ብላችሁ ሁለት ተጨማሪ ሙከራ በእጃችሁ አስገቡ። ሞዴል አይጠይቅም። ዓመታዊ ድምር ላይ ክረምቱ ጨምሮ የበልጉን መቀነስ ሊሸፍነው ይችላል፣ የካቲት ላይ ምንጩ ደርቆ ስታዩ ግን ድምሩ አያጠጣችሁም።

ፍላጎቱን ስለ መቁጠር

ባጭሩ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ነች፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ውሃው ሳይቀንስ ፈላጊው ብቻ ቢጨምርም እጥረት ነው። ከላይ ያሉት ሞዴሎች ስንት ውሃ አለ ይላሉ እንጂ ማን ይውሰደው አይሉም። ለዚያ ውሃውን ለተጠቃሚዎች የሚያከፋፍለውን፣ ዊፕ የሚባለውን ሶፍትዌር ከጀርባ ቀጥሉበት፣ በታዳጊ አገር ላሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፈቃዱን በነፃ ይሰጣሉ። የጂአር4ጄን ወይም የወር በወር ሒሳቡን ውጤት አስገብታችሁ፣ ከላይ ከተማና ፋብሪካ፣ መካከል ላይ መስኖ፣ ታች ጨፋን ታስቀምጣላችሁ። የላይኛው ሲወስድ የታችኛው ምን እንደሚቀረው ያኔ ይታያል።

እንግዲህ ለእናንተ የቱ?

የከተማ ውሃ ዕቅድ ላይ ከሆናችሁና አንድ ወር ካላችሁ፣ ቡዲኮን በአሥር የአየር ንብረት ሞዴል፣ ከዚያ የወር በወር ሒሳቡን በሁለት ሦስቱ ብቻ። የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ጂአር4ጄ ወይም ኤችቢቪ በአሥር ሞዴል፣ ቡዲኮን ለማመሳከሪያ። ሁለቱ አቅጣጫቸው ከተቃረነ አንዱ ጋ ስህተት አለ፣ ብዙ ጊዜ እናንተ ጋ ነው። እርከንና ደን ከሆነ ጥያቄው ስዋት፣ ማይባርን ይዛችሁ። የወንዝ መዝገብ ጨርሶ ከሌላችሁ ደግሞ ስዋትን «መዝገብ አይፈልግም» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ፣ ቡዲኮ ጋ ቁሙ።

ሞዴሉን ስትፈትኑም ዓመታቱን ዝም ብላችሁ በግማሽ አትቁረጡ። እርጥብ ዓመታት ላይ አስተካክሉት፣ ደረቅ ዓመታት ላይ ፈትኑት፣ ለምሳሌ መዝገብ ካላችሁ 77ን፣ ወይም የ2015 እ.ኤ.አ. ኤልኒኞን። ደረቅ ዓመትን ያልቻለ ሞዴል የሚደርቅ ወደፊትን እንዴት ይችላል? ብዙ ሞዴሎች እዚህ ፈተና ላይ ይወድቃሉ፣ ውድቀቱንም ጻፉት።

ያ ልጅ በመጨረሻ «አለቃዬ ግን አንድ ቁጥር ስጠኝ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም አለቃ አንድ ቁጥር ነው የሚፈልገው። እኔ ብሆን ምን እንደሚሠራበት እጠይቀዋለሁ። ለከተማ ውሃ ከሆነ የደረቀውን ግምት፣ በቡዲኮ ምሳሌያችን 146ቱን፣ እሰጠዋለሁ። ለድልድይ ከሆነ ግን ቁጥሮቹን ሁሉ ደብቄ የጎርፍ ሥራ ለብቻው ይከፈልበት እለዋለሁ።